ለመቶ አለቃ ካርስሌክ የተሠራው ጥቁር ቀለበት

በፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፯፻፶፱ ታኅሣሥ ወር፣ የእንግሊዝ መርከቦች የፈረንሳይን ባሕር ኃይል በማዕበል መካከል የማድቀቃቸው ወሬ ኤክሰተር ከተማ በደረሰ ጊዜ፣ ደወሉ ያለማቋረጥ ይደወል፣ ሕዝቡም በየመጠጥ ቤቱ ይጨፍር ነበር፤ በዚያው ሳምንት መቶ አለቃ ሐምፍሪ ካርስሌክ በውጊያው ወድቆ ባሕር እንዳስቀረው ተሰማና፣ እናቱ እመቤት ካርስሌክ ለዘመድ የሚታደል የሐዘን ቀለበት እንዲሠራ ጆሳያ ዮ የተባለውን አንጥረኛ አዘዙ።

ያዘዙት ነጭ ነበር። በወርቁ ላይ የሚቀልጠው የመስታወት ቅብ ጥቁር ከሆነ ሟቹ ባለትዳር፣ ነጭ ከሆነ ሳያገባ የሞተ መሆኑን በከተማው የማያውቅ አልነበረም። ቅቡን የምትሠራው የአንጥረኛው ልጅ ታምሲን ደግሞ፣ ባለፈው ጸደይ ጋብቻ በአደባባይ ይታወጅ የሚለው የእንግሊዝ ሕግ ወደማይደርስበት ወደ ጉርንዚ ደሴት ተሻግራ፣ ከሐምፍሪ ጋር በምስጢር ቃል ኪዳን ያሰረች ሚስቱ ነበረች። ማቅ መልበስ አልቻለችም፣ ማልቀስም አልቻለችም፤ ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው ትመላለስ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው? እሳት የረገጥሽ መሰልሽ እኮ!» አላት አባቷ።

«ምንም አልሆንኩ፣ አባባ።»

እመቤቲቱ ሥራውን ሊያዩ ሲመጡ ግን ታምሲን የሰጠቻቸው ቀለበት ጥቁር ነበር።

«ምን ማለት ነው ይሄ? ልጄ እኮ ሚስት አልነበረውም!»

«ነበረችው፣ እመቤቴ። እኔ ነኝ።»

የጆሳያ መዶሻ ከእጁ ወደቀ። እመቤቲቱ ቀለበቱን እንደ ጨበጡ ፊቷን መረመሩ።

«ስትስቂ በአፍንጫሽ የምታንኮራፊው አንቺ ነሽ?»

ታምሲን ደነገጠች። «እሱ ነው የነገረዎት?»

«ስምሽንና ጋብቻውን ደብቆኝ ነበር። ስሚኝ ልጄ፤ ታናሽ ወንድሙ ሚስት ሊያጭ ነው፤ ይህ ከተሰማ የሙሽራዪቱ አባት ነገሩን ያፈርሰዋል። የሌላውን ሁሉ በነጭ ሥሩት። ይህ የእኔ ነው።»

«እኔ ነጩን አልሠራም!»

«አባትሽ ይሥራው።» ጥቁሩን ቀለበት አጥልቀው ጓንታቸውን ደረቡበት፤ በሩ ላይ ደርሰው ዞሩና፣ ደጅ የሚጠብቃቸው ሠረገላ ነጂ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደኅና ዋዪ፣ ወይዘሮ ካርስሌክ» አሉ።

ታምሲን በዚህ ስም የተጠራችው ያን ቀን ብቻ ነው። ታሪክ የድል አድራጊዎቹን መርከቦች ስም አንድ በአንድ መዝግቧል፤ በካርስሌኮች ደብር ያለው የመታሰቢያ እብነ በረድም መቶ አለቃው «ሳያገባ ስለ ንጉሡ ወደቀ» ይላል፤ ጥቁሩ ቀለበት ከእመቤቲቱ ጣት ሳይወልቅ አብሯቸው ተቀበረ።