ከምርጫው በፊት ያለው ሐሙስ

በ1800 መስከረም ሲያልቅ፣ በኒው ጀርሲ፣ በኖርዝ ፎርክ መንደር መምረጥ የሚችሉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። መቶ ስምንቱ ለፌዴራሊስቶች፣ መቶ ስድስቱ ለሪፐብሊካኖች ድምፅ እንደሚሰጡ ሁለቱም ወገኖች በስም ለይተው ያውቁ ነበር። የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታበት ቤት፣ መጠጥ የሚጠጣበት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን የሚቀመጡበት ወንበር ሳይቀር በፓርቲ ተለያይቷል። ከመራጮቹ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። የስቴቱ ሕግ ሃምሳ ፓውንድ የሚያወጣ ንብረት ላለው ሁሉ ይፈቅዳል። ባል ያላት ሴት ግን ንብረቷ የባሏ ስለሆነ አትመርጥም። ስለዚህ ከዘጠኙ ሰባቱ መበለቶች፣ ሁለቱ ያላገቡ ነበሩ።

ካላገቡት አንዷ የሃያ አራት ዓመቷ ኬቱራ ሆልኮም ናት። ባለፈው ኅዳር የሞተው አባቷ አሥራ አንድ ኤከር የፖም ማሳ፣ አንድ መጭመቂያና ባለ ሁለት ክፍል ቤት አውርሷታል። በመጪው ኅዳር አጋማሽ፣ የፖሙ መጠጥ ተጠምቆ ሲያልቅ፣ ኤልናታን ሩንያንን ልታገባ ቀን ተቆርጧል።

ኤልናታን በርሜል ሠሪ ነው። የተዋወቁት አባቷ ታሞ በተኛበት መኸር፣ ስድስት በርሜሎች በጋሪ ጭኖ የመጣ ቀን ነበር። አንዱን ውሃ ሞልታበት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አላት።

«እስኪያፈስ።»

«የእኔ በርሜል አያፈስም።»

«እሱን ውሃው ይንገረኝ።»

እሱም ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ሁለቱም አልተናገሩም፤ ጠብታም አልወጣም። ሒሳቡን ልታመጣ ስትነሳ እሱ አልተነሳም።

«ሌሎቹንስ አትፈትሺያቸውም?»

ስድስቱንም ፈተሹ። ከሦስተኛው በኋላ ውሃውን ያየው አልነበረም።

ስለ ፖለቲካ ላለማውራት ተስማምተው ነበር። የእሱ አባት ካፒቴን ሩንያን የመንደሩ ፌዴራሊስቶች አለቃ ነው። የእሷ አጎት ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ «ፕሬዚዳንታችን የቀረው ዘውድ መድፋት ብቻ ነው» በማለቱ ፌዴራሊስቶች ባወጡት አዲስ የስም ማጥፋት ሕግ ሁለት ወር ታስሮ፣ ሳል ይዞት ወጥቶ፣ በመጋቢት ሞተ። ዛፍ ማዳቀል ያስተማራት እሱ ነበር። ቀብሩ ላይ ኬቱራ አላለቀሰችም። ለጥቅምቱ ምርጫ ስንት ቀን እንደቀረው ቆጠረች።

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ቀን ኤልናታን እየሮጠ መጣ።

«ኬቲ፣ ሠርጉን ወደ ሐሙስ እናምጣው። የፊታችን ሐሙስ።»

«አብደሃል? ፖሙ ገና ዛፍ ላይ ነው!»

«ፖሙን ተጋብተን እንለቅመዋለን። አባቴ የጋብቻ ፈቃድ አውጥቶልናል፤ ቄሱ ስማችንን ሦስት እሑድ በቤተ ክርስቲያን እስኪያነቡልን መጠበቅ የለብንም።»

«አባትህ? ‹የዚያ አፈኛ ዘመድ› ሲለኝ የኖረው አባትህ?»

«ልቡ ራራ እንግዲህ» አለና ዓይኑን ወደ ዛፎቹ መለሰ። እሷ ይህን አይታለች፤ ግን ደስታ ነው ብላ አለፈችው። እሺ አለችው።

ሰኞ ዕለት ጎረቤቷ እትዬ ዶርካስ ላኒንግ ቅርጫት ይዘው መጡ። መበለት ናቸው፤ ፌዴራሊስት ናቸው፤ ያሰቡትን ሳይናገሩ አያድሩም።

«እንኳን ደስ አለሽ ሙሽሪት። ካፒቴኑ ቤት ሻይ ጠጥቼ መምጣቴ ነው። ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት ነበር። የአንቺ ስም ተሰርዟል።»

«የምን ዝርዝር?»

«የመራጮች ነዋ! ሐሙስ ታገቢያለሽ፤ ማክሰኞ ምርጫ ነው። ከባላጋራ አንድ ድምፅ ጎደለ ማለት ነው። እኔን በሠረገላ ወስዶ ያስመርጠኛል፣ አንቺን በሠረገላ ወስዶ ይድርሻል። ሰውዬው አይተኛም እኮ!»

«እርስዎ ለምን ነገሩኝ? ወገንዎ አይደለም?»

አሮጊቷ ቅርጫቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወገኔ ነው። ማሸነፍ እፈልጋለሁ። እንዲህ አድርጎ ግን አይደለም።»

ኬቱራ መሐረቧን እንኳን ሳታስር ወጣች። ኤልናታንን በሥራ ቤቱ የበርሜል ብረት ቀለበት እየመታ አገኘችው።

«ስሜ ከዝርዝሩ ተሰርዟል አሉ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላያትም።

«ታውቅ ነበር?»

«ኬቲ...»

«አዎ ወይም አይ በለኝ።»

«አውቅ ነበር። አባቴ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እኔ የታየኝ ግን የቀኑ መቅረብ ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት መጠበቅ መሮኝ ነበር። እሱ በፈለገው ምክንያት ይፈልገው፣ እኔ የምፈልገው አንቺን ነው አልኩ።»

«ለእኔስ ምን አልክ? ‹ልቡ ራራ› አልከኝ!»

«አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት፣ ኬቲ። አንዲት ወረቀት!»

«አጎቴም የተናገረው አንዲት ነገር ናት።»

መዶሻውን መልሶ ሊያነሳ ሲል ያዘችበት።

«አባትህ ቢሰርቀኝ አይገርመኝም» አለች። «ጠላቴ ነው፤ ሥራው ነው። አንተ ግን በሩን ከፍተህለት ዳር ቆምክ።»

«ሠርጉስ?»

«ሐሙስ ፖም እለቅማለሁ።»

ሐሙስ ፖም ለቀመች። አርብም፣ ቅዳሜም። ኤልናታን በየቀኑ አጥሩ ጋ መጥቶ ይቆማል፤ እሷ ጀርባዋን ትሰጠዋለች፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል።

ማክሰኞ ጠዋት ኮሮጆው መጠጥ ቤቱ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት አስመራጮች አሉ። ፌዴራሊስቶቹ ባርኔጣቸው ላይ ጥቁር ሪባን ሰክተዋል። ኬቱራ ወረቀቷን ስትዘረጋ ካፒቴኑ ብድግ አለ።

«ይህች ሴት መምረጥ አትችልም። የልጄ ሚስት ናት።»

የጋብቻውን ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ማኅተሙ ሁሉ ያምራል።

«ፈቃድ ጋብቻ አይደለም» አለች። «ቄሱን ጠይቋቸው።»

«ቄሱ ለቀብር ወንዝ ማዶ ሄደዋል» አለ ካፒቴኑ።

«ሙሽሪት፣ ድስቱ አረረብሽ፣ ወደ ቤትሽ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ያንተን ድስት ሚስትህ ታማስልልህ፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለች ሳትዞር። ጉንጮቿ ግን ነደዱ።

ዋናው አስመራጭ፣ ሽማግሌው ጫማ ሰፊ፣ ፈቃዱን ገለባብጦ አየ። «የአንቺ ቃልና የካፒቴኑ ቃል እኩል ሆኑብኝ። ባል ነው የተባለው ይማል።»

ኤልናታን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። አባቱ ወደ እሱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም ኬቱራ እያንዳንዱን ቃል ሰማች።

«ዋሽ አላልኩህም። ዝም በል ብቻ። ዝም ካልክ የታችኛው ማሳዬ ያንተ ነው።»

ዝም ማለት እንደሚችልበት ታውቃለች። አንገቱን ደፍቶ ወደ ጠረጴዛው መጣ። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጁን አኖረና በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት።

«ሚስቴ አይደለችም» አለ።

«ጮክ በል» አለ ጫማ ሰፊው።

«ሚስቴ አይደለችም! ሐሙስ ልትሆን ነበር። ያልሆነችው እኔ እውነቱን ስለደበቅኩባት ነው። የራሷ ሰው ናት። ወረቀቷን ተቀበሏት።»

የሳቀ አልነበረም። ካፒቴኑ ፈቃዱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ልጁን ሳያይ ወጣ። ኬቱራ ወረቀቷን ጨመረች። ከእሷ ቀጥሎ ኤልናታን የራሱን ጨመረ፤ የእሱ ለፌዴራሊስቶች ነበር።

ሁለት ቀን በፈጀው ምርጫ አንድ ሪፐብሊካን ሊቀር ነው ሲባል በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ፤ አንድ ፌዴራሊስት በወባ ቀረ። ውጤቱ መቶ ሰባት ለመቶ ስድስት ሆነ። ሪፐብሊካኖች በአንድ ድምፅ ተሸነፉ።

በማግስቱ ኤልናታን አጥሩን አልፎ ገባ።

«በአንድ ድምፅ!» አለችው ከመሰላሉ ላይ ሆና። «ያንተ ናት እሷ። ለእኛ ሰጥተህ ቢሆን እናሸንፍ ነበር።»

«ያንቺን ድምፅ መለስኩልሽ፣ ኬቲ። የእኔን መጠየቅ አትችይም።»

የታችኛውን ማሳ አጥቷል፤ አባቱ ልብሱን በር ላይ አውጥቶበታል። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

«አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መሰላሉን ያዝ።»

ያዘው። በኅዳር እንደገና ጠየቃት።

«ካገባሁህ በሚቀጥለው ጥቅምት አልመርጥም» አለችው። «እምቢ ያልኩት አንተን አይደለም። ሕጉን ነው።»

«ሕጉ እስኪለወጥ እጠብቃለኋ።»

«ስድስት ሳምንት የመረረህ ሰውዬ?»

«ያኔ ሞኝ ነበርኩ» አለ፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችለት።

በየጥቅምቱ ጎን ለጎን ወደ ኮሮጆው ይሄዳሉ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል፤ ሲመለሱ እስከ ድልድዩ ድረስ ይጨቃጨቃሉ፣ ከድልድዩ ወዲያ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። መንደሩ አሽሟጠጠ፣ ሰለቸውና ተወው።

ሕጉ በኅዳር 1807 ተለወጠ። የስቴቱ ምክር ቤት ከእንግዲህ የሚመርጡት ነጭ ወንዶች ብቻ ናቸው ብሎ ደነገገ። አብላጫው መቀመጫ የሪፐብሊካኖች ነበር። ኬቱራ ጋዜጣውን መጭመቂያው አጠገብ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው።

«የእኛዎቹ ናቸው» አለች። ድምፅዋ ደርቋል። «ሌቦች! የገዛ ሰዎቼ!»

«የእኔዎቹም አብረው እጅ አውጥተዋል» አለ ኤልናታን።

«እንግዲህ ልታገባኝ ትችላለህ። የሚወስዱብኝ ነገር አልቀረም።»

«እንዲህ ሆኖ አልፈለግኩሽም ነበር።»

«እኔም።»

ከዚያ በኋላ እሱ ደረቱ ላይ ያስጠጋት ይሁን እሷ የተጠጋችው፣ ሁለቱም ኋላ ላይ ማስታወስ አልቻሉም። በጥር ተጋቡ።

በመጀመሪያው ጥቅምት ባርኔጣውን እያደረገ «ለማን ልምረጥ? አንቺ ንገሪኝ» አላት።

«አልነግርህም። ያንተ ድምፅ ያንተ ነው። የተሰረቀው የእኔ ነው።»

ኬቱራ ሩንያን በ1843 የጸደይ ወራት ሞተች። ባገባች በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። በሕይወቷ የመረጠችው ስምንት ጊዜ ነው።