ያልራሰ ፕላስተር

«ተረከዝህን አታንቀሳቅስ፣ አባዬ!»

«እሺ፣ ዶክተር።»

ሚጢጢ የአባቷን ግዙፍ እግር ጭኗ ላይ አስደግፋ ነጩን ፕላስተር በተረከዙ ዙሪያ አዞረችው፤ ከዚያ በቁርጭምጭሚቱ ላይ አሻግራ ወደ ታች ሳበችና እንደገና ወደ ላይ መለሰችው። መሸብሸብ የለበትም። የተሸበሸበ ፕላስተር ሲሮጡበት ቆዳ ይልጣል። ይህን ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ሚጢጢ የሚለውንም ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ያኔ ጉልበቱ ጋ እንኳ አትደርስም ነበር። አሁን ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ትረዝማለች፤ ስሙ ግን ሙጭጭ ብሎባት ቀርቷል።

አባቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። የቡድኑ ወጌሻ ከጨዋታ በፊት የተጫዋቾችን እግር የሚጠቀልለው በተራ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰለፉትን፣ ቀጥሎ ተቀይረው የሚገቡትን። አባቷ ጋ ሳይደርስ ጨዋታው ይጀመራል። ስለዚህ እግሩን ቤት አስጠቅልሎ መሄድ ከጀመረ ከረመ።

«ዛሬ ያስገባህ ይሆን?»

«ማን ያውቃል? አሰልጣኙ ዞር ብሎ ‹ና ግባ› ቢለኝ፣ ‹ቆይ እግሬን ልጠቅልል› ልበለው?»

እናቷ ጥግ ላይ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ከንፈሯ መሃል መርፌ ነክሳለች። «ና ካለህማ እኔም አብሬህ እገባለሁ» አለች በመርፌው አጠገብ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ድሮ ስሙ ምሰሶው ነበር። ከቅርጫቱ ሥር ከቆመ የሚነቀንቀው አልነበረም። ይህ ክለብ በታሪኩ ከሁሉም ረጅሙንና ከሁሉም ውዱን ውል ያስፈረመው እሱን ነው። ከዚያ ጉልበቱ ታመመ። ጉልበቱ ሲድን ደግሞ አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ሰውዬው የሚወደው እንደ ጥይት የሚሮጡ ልጆችን ነው። ውሉ ግን ገና ብዙ ዕድሜ አለው። ክለቡ እንዳያሰናብተው ይከስራል፣ እንዳይሸጠው በዚያ ዋጋ የሚገዛ የለም። የስፖርት ጋዜጠኞቹ «ውዱ ወንበር» የሚል ስም አወጡለት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሚጢጢና እናቷ እንደ ወትሮው ከተጠባባቂዎቹ ወንበር በስተጀርባ፣ ከፍ ካለው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። የአባቷ ቦታ ጫፉ ላይ ነው። ደክሞት የሚወጣ ተጫዋች ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው፤ ፎጣ ያቀብላል፣ ውሃ ያቀብላል፣ የአዲሱን ረጅም ልጅ አንገት አቅፎ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ ይለዋል። ልጁ ተመልሶ ይገባና የተባለውን ያደርጋል። ሕዝቡም ለልጁ ያጨበጭባል።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡድናቸው በሰፊው ይመራ ነበር። አሁን ማንም ቢገባ ማንም አይጎዳም። ከኋላቸው አንድ ጎርናና ድምፅ «ኧረ ወንበሩን አስገቡት! ተከፍሎበታል እኮ!» ብሎ ጮኸ። ዙሪያው በሳቅ አውካካ።

አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞረ። አባቷ ወዲያው ብድግ አለ፤ የቱታውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ጠቅ ጠቅ እያደረገ ፈታቸው፤ የማሊያው ቁጥር ታየ። ሚጢጢም ሳታውቀው ብድግ ብላለች። አሰልጣኙ ግን በጣቱ የጠራው አጠገቡ የነበረውን፣ ዘንድሮ የመጣውን ልጅ ነው።

አባቷ የልጁን ጀርባ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ፣ ተረጋጋ» አለው። ከዚያ ተቀመጠ። ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ መልሶ መቆለፍ ጀመረ። አልቸኮለም። ሚጢጢ ያን ከማየት እዚያው ወለሉ ቢውጣት መረጠች። እናቷ እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት።

ቤት ሲገቡ እግሩን እንደገና ጭኗ ላይ አስቀመጠ። የተጫወተ ሰው ፕላስተር ላብ ጠጥቶ ስለሚርስ ሳብ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ይወልቃል። ያልተጫወተ ሰው ፕላስተር ግን ፀጉሩን ይዞ ነው የሚነሳው።

«አሳመምኩህ?»

«እንዴ! እኔን? ምሰሶውን?» አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

ፕላስተሩ ነጭ ነው፤ ጠዋት እንደጠቀለለችው ነው። ሚጢጢ የደረቀውን ፕላስተር እያድቦለቦለች፣ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ የራሰ ብትልጥለት ምን ነበረበት ብላ ተመኘች። ያን የላብ ሽታ፣ ያን «ውሃ! ውሃ!» እያለ በር የሚገባ አባቷን፣ ቤት ውስጥ እያለ ናፈቀችው።

እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ስልኩ ጠራ። የደወለው ከድሮ የቡድን ጓደኞቹ አንዱ ነው፤ አሁን ሩቅ ባለች ትንሽ ከተማ አሰልጣኝ ሆኗል። ሰውዬው ስልክ ሲያወራ የሚያወራው ለመንደሩ ሁሉ ስለሆነ ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

«ና አቦ! ገንዘቡን ካሁኑ ጋር እንዳታወዳድረው፣ አንደርስበትም። ግን ሜዳ ላይ ትውላለህ! ክለብህ እንደሆነ ውሉን ልተው ብትላቸው በደስታ ነው የሚሸኙህ። ልጆቼ ከቅርጫቱ ሥር ሰው የላቸውም እኮ!»

ሚጢጢ የአባቷን መልስ ለመስማት የቧንቧውን ውሃ ዘጋች።

«አልችልም» አለ አባቷ። «ለልጄ ቃል ገብቻለሁ።»

«እስከ እሁድ አስብበት። እደውላለሁ» አለ ሰውዬው።

ስልኩ ተዘጋ። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ። «እኔን ምክንያት እንዳታደርገኝ። የኔ መኪና የትም ይሰፋል።»

«አንቺን አላልኩም።»

«ልጅቷንስ ጠይቀሃታል?»

«አልጠይቃትም። ብጠይቃት ‹ሂድ› ነው የምትለኝ። እንደዛ እንድትለኝ አልፈልግም።»

ሚጢጢ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ቃሉን እንዴት ትረሳዋለች! ልጅ እያለች አባቷ አጭር አጭር ውል ነበር የሚፈርመው። ውል ባለቀ ቁጥር ከተማ ይቀየራል። የክፍሏን ልጆች ስም ለምዳ ሳትጨርስ ካርቶኖቹ ይመጣሉ። በመጨረሻው ጊዜ ለሷ መጻሕፍት የተሰጣትን ባዶ ካርቶን ውስጥ ገባችና ክዳኑን በአባቷ ፕላስተር ከውስጥ አሸገችው። ለመኗት፣ እምቢ። እናቷ ተቆጣች፣ እምቢ። በኋላ አባቷ መቀስ አምጥቶ የካርቶኑ ጎን ላይ ትንሽ መስኮት ቀደደ፤ መጀመሪያ ብስኩት አሾለከላት፣ ከዚያ አንድ ዓይኑን ደቅኖ «ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ሁለተኛ አንሂድ።»

«ትምህርትሽን እስክትጨርሺ አንሄድም። በቃ፣ ውጪ።»

ከዚያ ነው ወደዚህ ክለብ የመጣው። የበለጡ ክለቦች ፈልገውት ነበር፤ ሁሉም ለአጭር ጊዜ ነው። ረጅም ውል የሰጠው ይህ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ለገንዘብ ብሎ ነው ይላል። ካርቶኑ ግን ተጣጥፎ እስከ ዛሬ የሚጢጢ አልጋ ሥር አለ፤ መጣሉን አልደፈረችም።

ሰኞ ክፍል ውስጥ መምህሩ አንዱን ልጅ ለምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ፣ አትጽፍም እንዴ ቢለው ልጁ ተነሳና፣ «መምህር፣ ቁጭ ብሎ የሚከፈለው ሰው አለ እኮ፤ እኔም ይከፈለኝ!» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሚጢጢ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

«አንተ ቁጭ ስትል እኮ ወንበሩ ራሱ ካሳ ይጠይቃል!» አለች ቁንጫ ከኋላ። ሳቁ ወደ ልጁ ዞረ።

ቁንጫ የሚጢጢ የልብ ጓደኛ ናት። አጭር ናት፣ አንድ ቦታ አትረጋም፤ በትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ውስጥ ኳስ የምታከፋፍለው እሷ ናት። ሚጢጢ ወዴት እንደምትዘል ሳታያት ታውቃለች። ሚጢጢም ኳሱ ከየት እንደሚመጣ ሳታይ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አይገኝም፤ ሚጢጢ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ከትምህርት በኋላ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ልምምድ ላይ እያሉ አባቷ ሊወስዳት መጣ። ልጆቹ ከበቡት። ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሚነጥረውን ኳስ እየያዘ ያቀብላቸው ጀመር፤ «ክርንሽን! ጉልበትሽን እጠፊ! እንደሱ!»

አንዴ ኳሷ ነጥራ ራሷ እጁ ላይ አረፈች። አባቷ ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ፣ ድሮ በሚወደው ቦታ ቆሟል።

«ጣለው! ጣለው!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

ሚጢጢ አየችው። ጣቶቹ ኳሷ ላይ ተዘረጉ። ጉልበቱ እጥፍ አለ፣ ትከሻው ተነሳ፣ ፊቱ ላይ ድሮ የምታውቀው ሰው ብቅ አለ። እዚያው ላይ ቆመ። ኳሷን ቀስ ብሎ ዝቅ አድርጎ ለቁንጫ ወረወረላት።

«ከክለቡ ውጭ አይፈቀድልኝም» አለ እየሳቀ። «እጄን ሸጬዋለሁ። ባለቤቱ ይቆጣል።»

ልጆቹም ሳቁ። ሚጢጢ አልሳቀችም። ቁንጫም አልሳቀችም።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ ከፊት ሆነ፤ ሁለቱ ጓደኛሞች ወደኋላ ቀረት አሉ። ሚጢጢ ስለ ስልኩም ስለ ቃሉም ነገረቻት።

«አትፎግሪኝ» አለች ቁንጫ።

«ከምሬ ነው።»

ቁንጫ አንዲት ጠጠር በእግሯ እየመታች ሄደች። የሚለያዩበት ጥግ ሲደርሱ ጠጠሯን ቦይ ውስጥ ሰደደቻት።

«ጉልበቱ ሲታጠፍ አይቼዋለሁ» አለች።

«እኔም።»

«እንደዛ ሆኖ መተው… እኔ አልችልም። አብድ ነበር።» ከዚያ ወደ ሚጢጢ ዞረች። «ብትሄጂ በጣም ነው የምጠላሽ፣ እሺ?» አለችና ወገቧ ላይ ጥምጥም አለችባት፤ ከዚያ በላይ አትደርስም።

ያን ሳምንት ሚጢጢ ሁሉን ነገር አየችው። ከትምህርት ቤቱ ቧንቧዎች በቡጢ ካልመቷት ውሃ የማትሰጠዋን፣ የክፍላቸውን የማይዘጋ መስኮት፣ ከመንገድ ወዲያ ቁንጫ በጠዋት ስሟን እየጠራች የምትጮህበትን ጥግ። ምንም ሳትርቅ ሁሉም ናፈቃት። ሌሊት በግድግዳው በኩል የአባቷን ድምፅ አልሰማችም፤ ድሮ ግን ከጨዋታ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ብሎት እያንዳንዱን ኳስ ለእናቷ ሲተርክ ነበር የምትተኛው። እሱም ናፈቃት። የትኛው ናፍቆት እንደሚብስ ስትመዝን ሰነበተች።

እሁድ ከምሳ በኋላ አባቷ ጠረጴዛው ላይ ስልኩን ፊቱ አስቀምጦ ተቀምጧል። የሚለውን እንደወሰነ ከፊቱ ያስታውቃል። እናቷ ሱሪ እያሳጠረች ነው።

ሚጢጢ ካርቶኑን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ ሳሎን አመጣችው። አቧራው አስነጠሳት። መሬት ላይ ተቀምጣ ዘረጋችው፣ ማዕዘኑን አቃናች፣ የታቹን ክዳኖች አጠላለፈች። ያቺ በመቀስ የተቀደደች መስኮት ወደ አባቷ በኩል ዞራለች። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«አባዬ፣ ፕላስተር አቀብለኝ።»

አባቷ መስኮቷን እያየ ቆየ። «ምን ልታደርጊበት ነው?»

«መጻሕፍቴ ከባድ ናቸው። ታቹ እንዳይለቅ።»

«ሚጢጢ…»

«አቀብለኝ እንጂ! ክዳኑን ይዤ እጄ ዛለ እኮ።»

ተነሳና ከስፖርት ቦርሳው አዲስ ጥቅል አመጣ። ሊሰጣት ጎንበስ ሲል ስልኩ ጠራ። ሁለቱም ስልኩን አዩት፤ ማንም አልነካውም። አባቷ ጉልበቱ ቀጭ እያለ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠና በአንድ መዳፉ ክዳኖቹን ያዘላት።

«ማን ነገረሽ?»

«ጓደኛህ ሲያወራ የማይሰማ ማን አለ?»

ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም። «ቃል ገብቼልሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ጠብቀኸዋል።» ጥቅሉን ከእጁ ወሰደች። «አሁን የደረቀ መላጥ ሰለቸኝ፣ አባዬ። ስልኩን አንሳው።»

እናቷ ከመኪናዋ ተነስታ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳችና ነጻ በሆነው እጁ ላይ አኖረችለት። አባቷ ሚጢጢን አያት፣ ካርቶኑን አየ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ሃሎ» አለ።

አንድ የእንባ ጠብታ ካርቶኑ ላይ ወደቀ። ሚጢጢ በመዳፏ ጠረገችው፤ እርጥብ ቦታ ላይ ፕላስተር አይይዝም። ከዚያ ጫፉን በጥርሷ አላቀቀችና ከማዕዘኑ ጀምራ፣ እንዳይሸበሸብ እየተጠነቀቀች ቀስ ብላ አዞረችው።