ከእየሩስ ሱቅ የጠፋው ኮምፒውተር

ስክሪኑ አለ። ኪቦርዱ አለ። የኮምፒውተሩ ሳጥን ብቻ የለም።

ሳጅን ገሠሠ የሱቁን ጓጉንቸር አገላብጦ አየው። አልተሰበረም። ጎንበስ ብሎ ሲነሣ ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ጡረታው ደርሷል፣ የደባርቅ ብርድም አጥንቱ ውስጥ ገብቷል።

«የሚሸጠው ስክሪኑ ነበር» አለ። «አሮጌ ሳጥን ለማን ይበጃል?»

«ወሬያችን ያለው እሱ ውስጥ ነዋ» አለች የሱቁ ባለቤት፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ እየሩስ።

እሷና ጓደኞቿ ፌስቡክን የመሰለ የመጨዋወቻ መረብ ዘርግተዋል። ማንም ኩባንያ አያዝበትም። እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ማሽን ያስተናግደዋል። የደባርቁ ማሽን ያ የጠፋው ሳጥን ነበር።

ገሠሠ መጀመሪያ የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት ቻላቸውን ያዘ። ደንበኞቹ ወደ እየሩስ ሸሽተውበታል፤ ሲዝትባትም ተሰምቷል።

«ሳጥኑ ሲጠፋ የት ነበርክ?»

«ጎንደር። ሆስፒታል፣ እህቴን ሳስታምም።»

ደውሎ አጣራ። እውነት ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ዳባት ሄደ። የዚያን ከተማ ማሽን የሚጠብቀው፣ ድረስ የሚባል ወጣት፣ ከእየሩስ ጋር ተኳርፎ ነበር።

«ሳጥኑን አንተ ነህ የወሰድከው?»

«ምን ሊያደርግልኝ፣ ሳጅን? የደባርቆቹ የጻፉት ሁሉ ይኸው እኔም ጋ አለ። አንዱ ማሽን ለሌላው ያቀብላል። አንዱ ቢሞት ወሬው አይሞትም። ይህን ከእኛ መሀል የማያውቅ የለም።»

ገሠሠ ሲመለስ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ አሰበ። ሌባው ወሬውን ሊያጠፋ ፈልጓል። ወሬው ዳባትም እንዳለ ግን አላወቀም። ስለዚህ ከመረቡ ሰዎች ወገን አይደለም። ጓጉንቸሩን ሳይሰብር ስለገባ ግን ቁልፍ ያገኛል። እየሩስ እንደነገረችው ደግሞ ትርፉ ቁልፍ ያለው ከአባቷ ጋር የምትኖርበት ቤት ነው።

ሐሳቡ ወደማይወደው ደጅ ወሰደው።

የእየሩስ አባት መሪጌታ መልከ ጼዴቅ ምሳ ቀርበዋል። እየሩስ እጃቸውን ታስታጥባቸዋለች።

«መሪጌታ፣ ሳጥኑን የት አደረሱት?»

ሽማግሌው አልካዱም። «ሊማሊሞ። ወደ ገደሉ ሰደድኩት።»

እየሩስ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቀረች። «ለምን፣ አባዬ?»

«የወንድሜን ልጅ በስልኩ በጻፈው ነገር ወሰዱት። እስከ ዛሬ የገባበት አይታወቅም። አንቺ ደግሞ ቀን ከሌት ከማታውቂው ሁሉ ጋር ትጽፊያለሽ። ቢመጡብሽ በምን አፌ እከራከራለሁ? ያለሽኝ አንቺው ነሽ።»

ገሠሠ መሬት መሬቱን አየ። የሚፈሩት የእሱን ዓይነት የደንብ ልብስ ነበር።

«የምንጽፈውን አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?» አለች እየሩስ።

«ፖለቲካ መስሎኝ።»

«የትኛው ስልክ ባትሪው እንደሚበረክት ነው። የትኛው አፕ ካርድ እንደማይበላ። የሞተ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣ።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

መሪጌታ የታጠበ እጃቸውን ወደ ገበታው አልዘረጉም።

«ክስ የለኝም፣ ሳጅን» አለች እየሩስ። ድምጿ ግን ይቅር ያለ ሰው ድምፅ አልነበረም። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ገሠሠ ሊከተላት ቃጣው፤ ደከመው። ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ።

«አሁንስ አይወስዷትም?» አሉ መሪጌታ።

«የሚወስድ ሰው ምክንያት አያጣም፣ መሪጌታ» አለ ቀስ ብሎ።