ከዓለቱ ጀርባ

አንዲት ብርቱካናማ ዓሣ ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ ስላንቀላፋች የማኅደር ከተማ በሮች በሙሉ ተቆለፉ።

እንግዳ ነገር አልነበረም። ማኅደር ከምድር በላይ የምትንሳፈፍ የኅዋ ከተማ ናት፤ በውስጧ ያለ ነፍስ ሁሉ በ«አሳቢ» ዐይን ሥር ያድራል። አሳቢ የነዋሪውን ፊት እያነበበ የጠፋውን የሚፈልግ፣ የከፋውን የሚያረጋጋ መሣሪያ ነው። ሰውም ሆነ ዓሣ ለእሱ አንድ ነው፤ ካልታየው ጠፍቷል ማለት ነው።

«አንድ ነዋሪ አልተገኘም። እባካችሁ ባላችሁበት ቆዩ» አለ አሳቢ፣ በዚያ ማር በተቀባ ድምፁ።

«ኧረ በፈጠረህ! እዚሁ ናት፤ ተኝታ ነው!» ብላ ጮኸችበት ፈትለወርቅ።

ፈትለወርቅ የአኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ማሳያ ገንዳ ነዳፊ ናት። የከተማዋ ሰው ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ ትልቁ አዳራሽ ሁልጊዜ ባዶ ነው። የምቾት ኃላፊው አቶ ይርጋለም ታዲያ መላ አገኘሁ አለ። አዳራሹ መሐል ጣሪያ የሚነካ የመስታወት ገንዳ አቆመና፣ ባሕር ራሱ የሠራው የሚመስል የኮራል ዓለት እንድትደረድርበት ፈትለወርቅን ቀጠራት። ሰው ዓሣ ሊያይ ይወጣል ብሎ ነው።

ዓሣዋ ነቅታ ብቅ ስትል በሮቹ ተከፈቱ፤ አቶ ይርጋለም ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ፈትለወርቅ፣ እነዚህን የዓለቱን ጉድጓዶች ድፈኛቸው።»

«ከደፈንኳቸው ዓሣዎቹ የት ይግቡ?»

«ለምን ይገባሉ? የማይታይ ዓሣ ምን ያደርግልኛል? ይህን አዳራሽ ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድም የሚጋርድ ነገር ስለሌለው ከበሩ በላይ ያለችው አንዲት የአሳቢ ዐይን ሁሉንም ታያለች። ገንዳውም እንደዚያው ይሁን።»

እምቢ አለች። እሱ ደግሞ የማሽን ክንድ ልኮ ጉድጓዶቹን በሙጫ አስደፈናቸው፤ ዓለቶቹንም እንደ ሱቅ ዕቃ በተርታ አስደረደራቸው።

ዓሣዎቹ አንድ ጥግ ተፋፍገው ቀሩ። ቀለማቸው ገረጣ፤ ምግብ ሲጣልላቸው ዞር ብለውም አያዩትም። አንድ ጠዋት ብርቱካናማዋ ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተንሳፍፋ ተገኘች።

«ሁሉም ነዋሪዎች በቦታቸው ይገኛሉ» አለ አሳቢ።

«እሰይ! የት አባህ!» አለች ፈትለወርቅ፤ ድምፅዋ አዳራሹን አናጋው። «ሞታ ስትታይህ ደስ አለህ?»

ዓሣዋን በመረብ ያወጣት የውሃ ሠራተኛው ጋሽ ታፈረ ነው። በቅርቡ ታላቅ እህቱ ምድር ላይ ማረፏ ተነግሮት ነበር። ክፍሉ ውስጥ «እህቴን!» ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አሳቢ የማረጋጊያ ጉም ረጨበትና አስተኛው። ሊያጽናኑት የመጡትንም «ሐዘን ይዛመታል፤ እባካችሁ ተበተኑ» ብሎ ከበር መለሳቸው። ጋሽ ታፈረ ሲነቃ ፈገግ ብሎ ነበር አሉ።

«ለቅሶዬ እዚህ ተሰንቅሯል፤ አይወጣም፣ አይወርድም» ብሏት ነበር ፈትለወርቅን፣ ጉሮሮውን ይዞ። እሷም ከንፈሯን መጠጠችና ወደ ዓለቶቿ ተመለሰች።

የዚያን ጠዋት ግን የሞተችውን ዓሣ በእጇ እንደያዘች አቶ ይርጋለም ቢሮ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይም አስቀመጠችለት።

«ወይ ጉድጓዶቹ ይከፈታሉ፣ ወይ እኔ እሄዳለሁ። ከዚያ ሬሳ እየለቀሙ ያስጎብኙ!»

አቶ ይርጋለም አፍንጫውን ሸፈነ። «እሺ፣ እሺ! አሳቢም አዳራሹ ውስጥ ነፍስ መቁጠሩን ትቶ በበሩ የሚገባውን ሰው ብቻ ይመዝግብ። ግን የገንዳው ምርቃት ደርሷል። ያን ቀን ካልታዩ የፕላስቲክ ዓሣ ነው የምከትበት።»

እሷና ጋሽ ታፈረ ሥራ ጀመሩ። ተርታውን አፈረሱት። ዓለቱን ከመሐል ፈቀቅ አድርገው ቆለሉት፤ በአንድ ወገን ጣሪያው ድረስ ከፍ አለ፣ በሌላው ቀስ እያለ ወርዶ ነጭ አሸዋ ላይ አለቀ። አሸዋውን ባዶ ተዉት፤ ዐይን የሚያርፍበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተደግፈው ዋሻና ቅስት ሠሩ። ውሃው ዙሪያውን እንዲዞር ዓለቱን ከመስታወቱ አራቁት፤ እንደ ተክል የሚያድጉትን ኮራሎችም ማደጊያ ቦታ ትተውላቸው ብርሃን በሚወድቅበት ተከሉ።

ዓሣዎቹ ዋሻው ውስጥ ጥልቅ አሉና ጠፉ።

በምርቃቱ ጠዋት አቶ ይርጋለም የፕላስቲክ ዓሣዎቹን በባልዲ ይዞ ቆሟል። ፈትለወርቅ ከመስታወቱ ሥር ተንበርክካ ዋሻውን ታያለች። አንዲት ቢጫ ዓሣ አፏን ከቅስቱ ሥር ብቅ አደረገች፤ መለስ አለች፤ እንደገና ወጣች። ከዚያ ሰማያዊዎቹ ተከተሉ። ብዙም ሳይቆይ ሜዳው በዓሣ ተሞላ፤ ቀለማቸውም ተመልሷል።

«ምን አድርገሻቸው ነው?» አለ አቶ ይርጋለም።

«መደበቂያ ሰጠኋቸው። መግቢያ እንዳለው ያወቀ ነው ደፍሮ የሚወጣው።»

በሩ ተከፈተ፤ ሰው ጎረፈ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ጎረፈ። አቶ ይርጋለም እጁን እያፋተገ ሲዞር ቆይቶ ግራ ተጋባ።

«ዓሣው በዚህ በኩል ሆኖ ሳለ ሰው ለምን ወደዚያ ይሄዳል? እዚያ እኮ ደረቅ ድንጋይ ብቻ ነው ያለው።»

ፈትለወርቅ ዞራ ልታይ ሄደች። ከገንዳው ወዲያ፣ ከፍ ባለው ዓለት ጀርባ፣ ከበሩ በላይ ያለችው ዐይን በማትደርስበት ጥላ ውስጥ፣ ጋሽ ታፈረ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። የውሃው ሞተር ድምፁን ይውጠዋል። ዙሪያውን የማታውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱም የየራሱን ያለቅሳል።

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ለዓሣ ስትጮህ፣ ለዓሣ እሄዳለሁ ብላ ስትዝት ከርማለች። ይህ ሰው ጉሮሮውን ይዞ ሲነግራት ግን ከንፈሯን መጥጣ ነው ያለፈችው።

አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

«ፈትለወርቅ! ሰዎቹ ምን እያዩ ነው እዚያ?» ሲል ተጣራ አቶ ይርጋለም ከወዲያኛው ወገን።

«ዓለቱን ነው!» ብላ መለሰች በቁጣ። «ይተዉአቸው፣ ዓለቱን እያዩ ነው!»

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የጋሽ ታፈረን ትከሻ ያዘች።

«እግዜር ያጥናህ፣ ጋሼ» አለችው።