በሚስተር ፓስክ ሣር ላይ የተገኘው ሐረግ

ሚስተር ፓስክ ማጅራቱን ተመትቶ በገዛ ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አካፋው አጠገቡ ወድቋል፤ በእጁ ነቅሎ የጨበጠው አረም አለ። የመንደሩን ምርጥ ሣር የሚመርጡት ዳኞች የሚመጡት በዚያው ቀን ነበር። በየዓመቱ አንደኛ ፓስክ፣ ሁለተኛ ጎረቤቱ ሲረል ቶፍት። ለሣር እኮ ነው! ጉድ ነው መቼም።

ፖሊሱ ወደ ቶፍት ዞሮ ካቴናውን አወጣ። «ይኼ ሰውዬ ትናንት መጠጥ ቤት ውስጥ ‹ያንን ሣርህን ድራሹን ባላጠፋው!› ብሎ ፎክሯል። ይኸው አረም ተከለበት፤ ሲያዝ ደግሞ ገደለው።»

«ቀንቻለሁ፣ አዎ! አንጀቴ እርር ድብን ብሏል!» አለ ቶፍት። «ግን አልገደልኩም። ግቢዬ ውስጥ አንዲት አረም ካገኛችሁ ስቀሉኝ!»

ኢንስፔክተር ሃቲ ግሪብል ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የአረሙን ግንድ በጣቶቿ አሽከረከረችው፤ አራት ማዕዘን ነው። ክብ ቅጠሉን አሽታ አሸተተችው።

«ናና ናና ይላል። የምድር ሐረግ ነው፤ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ይኼኛው ግን መሬት አልያዘም። የግቢው አፈር ቀይ ነው፣ ሥሩ ላይ ያለው ጥቁር።»

የቶፍትን ግቢ ጥግ ለጥግ አሰሰችው። እውነቱን ነው፣ አንዲት አረም የለም። ተመልሳ የሟቹን ሚስት አዳን ደጃፏ ላይ አገኘቻት።

«ጠዋት የት ነበሩ፣ ሚስስ ፓስክ?»

«ኩሽና። እኔ ሣሩን ረግጬው አላውቅም፤ መች ያስረግጠኛል!»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም እዚያው ደጃፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አረሙን የተከለው ሰው ነው የገደለው። ይቺን ቅጠል እዩአት፤ ጠርዟ ነጭ ነው። ሜዳ ላይ የሚበቅለው የምድር ሐረግ ነጭ የለውም። ነጭ ጠርዝ ያለው ለጌጥ ቅርጫት ውስጥ የሚሰቀለው ዘመዱ ነው። እሱም አንዳንዴ ነጩን ይተውና አረንጓዴ ብቻ ያወጣል፤ ያኔ ከአረሙ አይለይም። ገዳዩ አረንጓዴ አረንጓዴውን እየመረጠ ነቀለ። አንዷ አመለጠችው።»

ሁሉም ቀና አሉ። ከአዳ ራስ በላይ የተሰቀለው ቅርጫት በአንድ ጎኑ ተመልጧል፤ የቀረው ቅጠል ጠርዙ ነጭ ነው።

«አዳ! አንቺ?» አለ ቶፍት።

«ሣሩ ጣውንቴ ነበር» አለች አዳ። «ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ሲዳብስ እያየሁ ነደድኩ። ላበላሽበት ብቻ ነበር፣ ልገድለው አላሰብኩም። መጣና አየው። ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ልጃችንን የቀበርን ቀን ዓይኑ እንባ አልቋጠረም፣ ኢንስፔክተር። ለሣር ግን አለቀሰ! አካፋው እጄ ላይ ነበር።»