ሙሉጌታ ያመጣው ሦስተኛው ፒክአፕ

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያወራ ሰው ሳይ ፊቴን አዙሬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ። ሥራዬ ድምፅ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል መንዙማም የሠርግ ዘፈንም እቀርጻለሁ፣ ሰዎች "የሆነ ድምፅ ገባበት" ብለው ሲደነግጡ፣ ነገሩ ወይ የላላ ሽቦ ወይ የጎረቤት ፍሪጅ እንደሆነ ፈልጌ የማሳያቸው እኔው ነኝ። ስለዚህ ይህን ሳወራችሁ ትንሽ እያፈርኩም ነው።

ሙሉጌታ ደብረ ብርሃን አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ነው። አዲስ አበባ ጊታር ይጫወታል፣ በቅርቡ ግን ልቡን የወሰደው ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባለው ነው፣ እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም፣ ተቀምጠው በግራ እጅ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ እያንሸራተቱ፣ በእግር ፔዳል እየረገጡ የሚጫወቱት፣ እንጉርጉሮ የሚመስል ድምፅ ያለው። አንድ አሮጌ አግኝቶ፣ የባንድ ሥራውን ትቶ፣ የመጀመሪያ አልበሙን በእሱ ልሥራ ብሎ ተነሣ፣ የሚፈልገው ድምፅ ግን እምቢ አለው። ችግሩ ፒክአፑ ነው አለ። ፒክአፕ ስላችሁ መኪናው እንዳይመስላችሁ፣ ከክሮቹ ሥር የሚገባ፣ ማግኔት ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት ዕቃ ነው፣ የብረቱ ክር ሲርገበገብ ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ለማጉያው ይልካል። ልብ በሉ፣ ክር ሲርገበገብ ብቻ ነው፣ እንደ ማይክራፎን የሰው ንግግር አይሰማም።

ሦስት ፒክአፕ ይዞ መጣ፣ እኔ እየቀያየርኩ ልበይድለት፣ እሱ በእያንዳንዱ ያንኑ ዜማ ሊጫወት፣ ከዚያ አወዳድረን ልንመርጥ። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የቆላውን የቀትር ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ከላይ ጧ ጧ ይላል፣ ማራገቢያውን ደግሞ ድምፁ እንዳይገባ አጥፍተነዋል፣ ላባችን ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው አዲስ ነበር፣ ጥርት ያለ፣ ግን ቀጭን፣ ጆሮ የሚወጋ። ሁለተኛው ጥቅሉ ድርብ ነው፣ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ የለውም፣ ወፈር ይላል፣ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው የታፈነ። ሦስተኛው ከጊታሩ ሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተገኘ ነው፣ የማን ሥራ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለበትም፣ ሽቦው ጠቁሯል፣ ጥቅሉን የሚያጣብቀው ሰም ተሰነጣጥቋል። ሞቷል ብዬ ነበር፣ ብቻ በየድኩት።

ሙሉጌታ አንዴ ክሩን ነካው። ከሰው ጉሮሮ የወጣ ነው የሚመስለው። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ "ይሄ ነው፣ ጋሻው፣ ይሄ ነው" አለኝ።

ዜማውን ጨርሶ የመጨረሻው ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ፣ በጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ ቅጭል የሚል ነገር ሰማሁ፣ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ። ትንሽ ቆይቶ ውጭ ግቢው ውስጥ የአከራዬ የእትዬ ዘይነባ ጣሳ ወደቀ። ቅጭል። ምንም አልመሰለኝም፣ አሮጌ ፒክአፕ ሰሙ ሲደርቅ ጥቅሉ ይላላና ንዝረት ይይዛል፣ ያ ነው ብዬ አለፍኩት፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ እንኳ አላሰብኩም።

ቀጥሎ ማዳመጫው ውስጥ፣ ራቅ ብሎ፣ "ጋሻው፣ አለህ ወይ?" የሚል የእትዬ ዘይነባ ድምፅ መጣ። "አቤት!" ብዬ በሩን ከፈትኩ። ማንም የለም፣ እሳቸው ከግቢው ማዶ ፍየሎቻቸውን እየፈቱ ነው፣ አፋቸውን አልከፈቱም። ግራ ገብቶኝ ተመልሼ ከመቀመጤ፣ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ጋሻው፣ አለህ ወይ?"

ያው ቃል፣ ያው አነጋገር።

"ወንዙን ተሻግሬ ሽንኩርቱን አይቼ እመጣለሁ፣ ቤቱን ጠብቅልኝ" አሉኝ።

"እሺ፣ እትዬ" አልኩ፣ ሄዱ።

የተቀረጸውን ወደ ኋላ መልሰን ሰማነው። ጣሳውም አለ፣ ጥሪውም አለ። ሬዲዮ ነው አልኩ፣ ሽቦው አንቴና ሆኖ ነው አልኩ፣ ምን ያላልኩት አለ።

"ፒክአፕ ንግግር አይሰማም ብለህ የምታስተምረኝ አንተ አይደለህ እንዴ?" አለኝ ሙሉጌታ።

"እጆችህን ክሮቹ ላይ አስተኛቸው፣ አንድም ክር እንዳይንቀሳቀስ" አልኩና ቀረጻውን ደግሜ ጀመርኩ። ድምፁንም በማጉያው ለቀቅኩት፣ እሱም እንዲሰማ።

መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ከዚያ ከሩቅ የጭነት መኪና እንደሚመጣ ያለ ጉርምርምታ ተነሣ፣ ወደ አውራ ጎዳናው ጆሮዬን ጣልኩ፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ጉርምርምታው ጨመረ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፣ ፍየል ይጮኻል፣ በመጨረሻም የእትዬ ዘይነባ ድምፅ፣ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው የማላውቅ፣ "ያ ረቢ! ያ ረቢ! ድረሱልኝ!"

ሙሉጌታ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው እጁን አነሣ። "ክሮቹ አልተንቀሳቀሱም" አለኝ፣ ከንፈሩ ደርቆ። "ወላዲትን፣ አንዱም አልተንቀሳቀሰም።"

እንዴት እንደወጣን አላውቅም፣ ብቻ ወደ ወንዙ እየሮጥን ነበር። በላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቀና ብዬ ወደ ደብረ ሲና ሳይ ግን ተራራው ጥቁር ደመና ለብሷል። ሮቢ ወንዝ ስንደርስ አሸዋው ደረቅ ነው፣ ጠጠሩ ያቃጥላል፣ እትዬ ዘይነባ መሀል ላይ ቆመው አንዲት ፍየል አልሄድ ብላቸው ይጎትታሉ።

"እትዬ፣ ይውጡ! ውሃ መጣ!"

"የምን ውሃ? ልጄ፣ ፀሐዩ ናላህን መታህ እንዴ?"

ገብቼ ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ገመዱን አልለቅ አሉ፣ ሙሉጌታ በሌላ በኩል ያዛቸው፣ እየተቆጡን ጎትተን ዳር አወጣናቸው። ትንፋሻችን ሳይመለስ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፣ እርጥብ አፈር ሸተተ፣ ከዚያ ያ ጉርምርምታ። ጎርፉ ግንድ እየገፋ፣ ቋጥኝ እያንከባለለ፣ እሳቸው የቆሙበትን ቦታ ዋጠው። ፍየሏ አንዴ ጮኸች። እትዬ ዘይነባ ገመዱን የለቀቀ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ያ ረቢ! ያ ረቢ! ድረሱልኝ!" አሉ። እኔና ሙሉጌታ ተያየን፣ ቃል በቃል የሰማነው ነው፣ ድምፃቸው የተሰነጠቀበት ቦታ እንኳ አልተለወጠም።

ሲረጋጉ፣ "ከላይ ሰው ደወለላችሁ?" ብለው ጠየቁን።

"አይ፣ ሰማነው" አልኩ።

"ከየት?"

ሙሉጌታ ነገራቸው። አልሳቁም። "አላህ ይስጣችሁ፣ ነፍሴን አተረፋችሁ፣ ያንን ዕቃ ግን ከቤቴ አውጡልኝ" አሉ።

በዚያው ቀን ፈታሁት። ሙሉጌታ አልበሙን በታፈነው በሁለተኛው ሠራ፣ የሰማ ሁሉ ወደደለት፣ እሱ ግን አሁንም ያንን ድምፅ ይናፍቃል፣ አሮጌውን ጠቅልሎ ይዞት ነው የሄደው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ወደ ወንዙ ስንሮጥ ቀረጻውን አላቆምኩትም ነበር። ሙሉጌታ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ከፍቼ ሰማሁት። ከእትዬ ዘይነባ ጩኸት በኋላ ረጅም ዝምታ አለ፣ ከዚያ ወንበር ይወድቃል፣ ሰው በጉልበቱ የሚንበረከክ ይመስላል፣ ከዚያ የሙሉጌታ ድምፅ፣ እያለቀሰ፣ "ጋሻው፣ ተነሥ። ጋሻው፣ በናትህ ተነሥ" ይላል። ሌላ ድምፅ የለም። የሚመልስለት የለም።

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፣ በልጅነታችንም ቢሆን። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመረመርኩ፣ ደህና ነህ አሉኝ። ቀረጻውን ላጠፋው ስንት ጊዜ እጄን ዘረጋሁ፣ ካጠፋሁት ደግሞ ምን እንደምጠብቅ የምረሳ እየመሰለኝ ተውኩት።

ትናንት ሙሉጌታ ደወለ፣ ደስ ብሎታል፣ ለሁለተኛው አልበም ያንን አሮጌ ፒክአፕ ልንሞክረው ነው፣ ልመጣ ነው አለኝ። ክፍሉን ቀለም እያስቀባሁ ነው ብዬ ዋሸሁት።

"ግድ የለም፣ እየቀባህም ቢሆን እመጣለሁ" አለኝና ስልኩን ዘጋው።