ጸበሉ በር ላይ የቀረው ቦቲ

ዓሣ አጥማጁ ደምለው የሞተ ጊዜ ደባርቅ ስለ ሬሳው ብዙ አላወራችም። ወሬው ሁሉ ስለ ቦቲው ነበር። ምን ይደረግ! በዚያ በደርግ ዘመን ለድሃ ጫማ ማለት ወይ በረባሶ ወይ ኮንጎ ነው፤ ከጉልበት በላይ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ያለው በአገሩ ደምለው ብቻ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ክንዴ በማለዳ ተጠርቶ ወደ ወንዙ ወረደ። የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ደምለው ወንዙ ዳር ባለው የጸበል ግቢ ውስጥ ልብሱ እንደ ራሰ፣ በባዶ እግሩ በጀርባው ተኝቷል። ቦቲው ከግቢው በር ውጭ ጎን ለጎን ቆሟል። የቀበሌው ሊቀመንበር አሻግሬ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ያርጋል የተባለውን የሟቹን ባልንጀራ የኋሊት አስሮ ይጠብቀዋል።

አሻግሬ ነገሩን ጨርሶታል። ያርጋልና ደምለው ባለፈው ገበያ በዚሁ ቦቲ ተጣልተዋል፤ ያርጋልም ከእግርህ ላይ ሳላወልቀው አልቀርም ብሎ ሲዝት ሰው ሰምቷል። ደፍቆ ገደለው፣ ቦቲውን አወለቀ፣ ኮሽታ ሲሰማ ጥሎ ሸሸ። ከሰዓት በኋላ ለበላይ አካል ይተላለፋል። ያኔ ለበላይ አካል ተላለፈ የተባለ ሰው ቤተሰቦቹ ስንቅ ይዘው የሚሄዱበትን እንኳ አያውቁም ነበር።

«እስከ ቀትር ስጠኝ» አለው ክንዴ።

ክንዴ ዝም ሲል ያንቀላፋ የሚመስል፣ ዓይኑ ግን መሬት መሬቱን የሚለቅም ሰው ነው። ከወንዙ አንሥቶ እስከ ግቢው በር ድረስ ተረከዝ እየተጎተተ ያሰመረው ሁለት መስመር አለ። መስመሩ ቦቲው የቆመበት ሲደርስ ያበቃል። ከበሩ ወደ ውስጥ መሬቱ ጭቃ ነው፤ የደምለው ውስጥ እግር ግን ንጹሕ ነው፤ ለሙቀት ቦቲው ውስጥ የጎዘጎዘው የጓሳ ሣር ብቻ ተለጥፎበታል። ክንዴ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች አየ። በሁለቱ አውራ ጣቶች ዙሪያ ቀጭን የክር ሰንበር አለ። ብዙ ቆይቶ ተነሣና የሬሳውን እግር በነጠላ ሸፈነው።

ያርጋል ሲጠየቅ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። የሞተው ጓደኛው ሆኖ ሳለ፣ በመጨረሻ የተነጋገሩት ስለ ጫማ መሆኑ ከእስሩ ይልቅ አሳፍሮታል። ትናንት ሙሉ ቀን ብቻውን እርሻ ላይ ነበር፤ ምስክር የለውም። አንድ ነገር ግን አለ።

«ጋሼ፣ ደምለው በሁዳዴ ለገበያ አያጠምድም ነበር። ማን ይገዛዋል? የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ማነው ስለው፣ ስሙን ብጠራ ሰውየው ያልቅለታል ይለኛል።»

የሟቹ ሚስት ሸጊቱ ደግሞ የቦቲውን ነገር ነገረችው። ባሏ በረባሶ አድርጎ ወንዝ ሲገባ እግሩ በብርድ ይሰነጣጠቅ ነበር፤ የቆዳ ጫማም ሞክሮ ውኃ ጠጥቶ ድንጋይ ሆነበት። በኋላ አንድ ሰው መከረው። ከዳባት ገበያ የጎማውን ግዛ፣ ከልክህ ሰፋ ያለውን ምረጥ፣ ጓሳና የሱፍ ካልሲ ያስገባልሃል፣ ረጅሙን ያዝ፣ ውኃ ከላይ አይገባብህም አለው። ገንዘብም ጨመረለት። ማን እንደሆነ ግን ለሷም አልነገራት።

አሻግሬም ተጠየቀ። ቦቲውን ለቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ሊወርስ ፈልጎ እንደነበር አልካደም። ከጥበቃዎቹ ጋር ትናንት ከሰዓት በኋላ በወንዙ ማዶ ሲያልፉ ጩኸት ሰምተው ነበር። ቆም አሉ፤ ጩኸቱም ወዲያው ጠፋ፤ እረኛ ነው ብለው አለፉ። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

የቀሩት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ነበሩ፤ የጸበሉ አገልጋይ፣ የክንዴም የንስሐ አባት። ልጆቹን ያጠመቁለት፣ አባቱን የቀበሩለት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዓመት በሁዳዴ ዓሣ የቀመሰ ከደጄ እንዳይደርስ ብለው በዐውደ ምሕረት አውግዘዋል፤ አንዲት አሮጊትንም በዚሁ ከቁርባን አግደዋል። ክንዴ ሲደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ጫፉ ላይ ክሩ ተመዟል።

«አባ፣ ደምለውን ያውቁት ነበር?»

«ልጄ ነው። እንዴት አላውቀውም?»

«ያ ቦቲ ለወንዝ ሥራ ይሆን ነበር?»

ቄሱ ሳያስቡት መለሱ። «ጠባብ ጫማ ደም ያግዳል፤ ደም የታገደ እግር ደግሞ አይሞቅም። ስፋቱስ ደግ ነበር።» ክንዴም ሌላ ሳይጠይቅ ሄደ። ምነው ዛሬ ታምሜ በዋልሁ አለ በልቡ። ሰውየውን ሳይሆን ራሱን የያዘ ያህል አፈረ። ግን ያርጋል ታስሯል፤ ቀትር ደርሷል።

ሁሉንም ጸበሉ በር ላይ ሰበሰባቸው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ደምለው የሞተው ወንዙ ውስጥ ቦቲውን እንዳደረገ ነው። መሬቱን ያሰመረው የቦቲው ተረከዝ ነው። የጎተተው ሰው እዚህ በር ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ቦቲውን አወለቀለት፣ ከዚያ ተሸክሞ አስገባው። ሌባ ቢሆን ወንዙ ዳር አውልቆ ይዞት ይሄድ ነበር። ይኼ ሰው ግን የሙት እግር እንኳ ቢሆን ጫማ አድርጎ ጸበል እንዲገባ አልወደደም።»

«ጫማ አውልቆ መግባት ማንም ያደርገዋል» አለ አሻግሬ።

«ለራሱ አዎ። ለሬሳ የሚያወልቅ ግን ስንት ነው? ደግሞ አውራ ጣቶቹን አስሮለታል። ግንዘት ጀምሮለት ነበር። ኋላ ሰው ነካው እንዳይባል ክሩን ፈታ፤ ቦቲውን ግን ቅጥር ውስጥ መልሶ ሊያጠልቅለት አልደፈረም። ገዳይ የገደለውን አይገንዝም፤ ጅብ እንዳይበላውም ተሸክሞ ቅጥር አያስገባም። ይህ ሰው ደምለውን ይወደው ነበር።»

«ታዲያ ምን አስሸሸው?»

«ዓሣው። ደምለው በሁዳዴ የሚያጠምደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ይደበቃል። አንተ ጓድ አሻግሬ፣ በሁዳዴ ቁርጥ እየቆረጥህ አደባባይ ትቀመጣለህ፤ ምን ትደበቃለህ? ያርጋል ድሃ ነው፤ ማንንም አያዝዝም። በሁዳዴ ዓሣ መብላቱ ቢታወቅ የሚያልቅለት...» ዓይኑ ክሩ የተመዘዘው ጋቢ ላይ አረፈ፤ ወዲያው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ተነሡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ያዙት።

«ፍቱት ልጁን» አሉ። «ትናንት ማታ መናገር ነበረብኝ። ዛሬ ጠዋት ሲያስሩትም አይቻለሁ። አየሁ፣ ዝም አልሁ።»

ከዚያ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ። ሆዳቸውን ከታመሙ ወዲህ ሽሮው አልስማማ ሲላቸው ዓሣ ጀመሩ። ጾሙን እንደ በሽተኛ ሊያስፈቱት ይችሉ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ከገዘቱ በኋላ ግን አፈሩ። ትናንት ዓሣውን ተቀብለው ጋቢያቸው ሥር ሲያደርጉ ደምለው መረቡን ሊፈታ ተመልሶ ወንዙ ገባ፤ ድንጋይ አንሸራተተውና ጥልቁ ላይ ወደቀ። ቦቲው ውኃ ሞላ። እስከ ጉልበት የሚደርሰው ይበቃው ነበር፤ እሳቸው ናቸው ረጅሙን ያስገዙት። አገዳ ቆርጠው ሊዘረጉለት ሲሉ በማዶ ጥበቃዎቹ ብቅ አሉ።

«አለት ሥር ገባሁ» አሉ። «እነ አሻግሬ ቢያዩኝ በየስብሰባው መሳቂያ ያደርጉኛል ብዬ። አለፉ። ስወጣ እሱ አልነበረም፤ ሬሳውን ቁልቁል ወርጄ ዳር ላይ አገኘሁት።»

አሻግሬ የያርጋልን ገመድ ራሱ ፈታ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቄስ ተያዘ ብሎ ከበሮ ያስመታ ነበር፤ ዛሬ ግን ገመዱን እየጠቀለለ ወደ ኋላ ቆመ።

ሸጊቱ እስካሁን አላለቀሰችም ነበር። ቀረብ አለቻቸው።

«አባ፣ ባሌ ጠርቶዎት ነበር?»

«አንዴ ጮኸ። ኋላ ሰዎቹን እሱም አያቸው።»

«አያቸውና ምን አለ?»



«‹አባ፣ ይሸሸጉ፤ ሰው መጣ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጮኸም።»

ሸጊቱ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያርጋል ከእስሩ የደነዘዘ ክንዱን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

ክንዴ ቄሱን ሳያስር ወደ ከተማ ይዟቸው ወጣ። ዳገቱ አናት ላይ ወሬው ያልደረሳቸው ሴቶች ከነሸክማቸው ቆመው፣ ይባርኩን አባ ብለው ጎንበስ አሉ። ቄሱ እጃቸውን ማንሣት አቃታቸው፤ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ።

«አባ ቸኩለዋል፣ እለፉ» አላቸው ክንዴ። እሱም ቄሱን መሸሸጉ የገባው ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያው እስኪደርሱም ቀና አላለም።